ወደ ቨርሷ የወሰድኩት መርዶ

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከትምህርት ቤትስ ፊደል ለይቼ ብዙም ሳልቆይ ነው የወጣሁት። ያስተማረኝ በራሴ የደረሰው ነው።

ዙሪክ በመጣሁባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ሆቴል ጓዳ ውስጥ ሳህን አጣቢ ነበርኩ። አንድ ቀን በምሳ ግርግር መሀል በስልክ ትፈለጋለህ ተባልኩ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ አነሳሁት። ከአገር ቤት ነው። "ታላቅ ወንድምህ ታደሰ አርፏል። ቀብረነዋል። በርታ" አለኝ አንድ ዘመዳችን፤ መስመሩም ተቋረጠ። የወጥ ቤቱ አለቃ ከወዲያ "ሳህን!" እያለ ይጮኻል። ስልኩን ሰቅዬ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ። ማን ይይዘኛል? ለማንስ እነግራለሁ? ያን ቀን እንባ አልመጣልኝም፤ በማግስቱም አልመጣም። ከዚያ ወዲያ አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ እንባው ግን እንደቀረ ቀረ።

ይህን ያዙልኝና ወደ ቴሪ ልውሰዳችሁ።

ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ የምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ዋሽኩሄ ይለዋል። በዚህ አገር ጎረቤትን የሚያጣላም የሚያዛምድም እሱ ነው። ተራህን ከሳትክ ሰላምታ ይቋረጥብሃል። የኔ ተራ ከቴሪ ቀጥሎ ነበር። ቴሪ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልነበረው፣ ረጅም ቀጭን እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ቀን ስገባ ማሽኑ ልብስ እየጨመቀ ይንገጫገጫል፤ እሱ ደግሞ ባዶ የሳሙና ካርቶን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጫፋቸው እንደ ጭራ በተበተነ ሁለት የሽቦ ብሩሾች ይመታዋል። ቆሜ ቀረሁ።

"ቤት ውስጥ ብመታ የላይኛዋ ሴትዮ ፖሊስ ትጠራብኛለች" አለኝ ሳያቋርጥ። "እዚህ ማሽኑ ይሸፍንልኛል። ማሽኑም ቢሆን ደህና ድራመር ነው፤ ጥፋቱ መቸኮሉ ብቻ ነው።"

የኔ እንግሊዝኛ ከሆቴል ጓዳ የተለቃቀመ ነው፤ የሱ ጀርመንኛ ደግሞ ሲሠራበት ከነበረው የትራም ጋራዥ። ሁለቱን አደባልቀን ዓመታት አወጋን። በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ ድራም መቺ ነበር። በጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ ኳስ እየተራገጡ ያደጉ ልጆች፣ መርከበኞች ከአሜሪካ ይዘውት የሚመጡትን የጥቁሮች ሸክላ እየተዋዋሱ ይሰሙ ነበር አለኝ። ሪትም ኤንድ ብሉዝ ይሉታል። መርፌው እስኪደነዝዝ ይሰሙና እሱኑ ለመጫወት ይሞክራሉ። ሬዲዮ ደፍሮ አያሰማውም፤ የጃዝ ክበብ ባለቤቶችም "ያን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛችሁ ደጄን እንዳትረግጡ" ይሏቸው ነበር። እነሱም ምድር ቤት ይፈልጉና ላብ ከጣሪያው እስኪንጠባጠብ ይጫወታሉ።

"እኔ ዕድሜ ልኬን ከምድር ቤት አልወጣሁም" ይለኛል የማጠቢያውን ክፍል በብሩሹ እያሳየ።

ባለቤቴ ጥሩነሽ ይህን ወዳጅነት መጀመሪያ አልወደደችውም። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ዓለማዊ ዘፈን ቤታችን አይገባም።

"ጌታን የተቀበለ ሰው ከዘፋኝ ጋር ካልሲ ያጥባል?" ትለኛለች።

"ካልሲው አይዘፍን።"

"እግርህ ግን ይወዛወዛል። በመስኮት አይቼሃለሁ!"

እውነቷን ነው፤ ይወዛወዛል። ኋላ ግን እሷም ለምዳው ለቴሪ ሾርባ ትልክለት ጀመር።

በቴሪ ወግ ውስጥ አንድ ሰው ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። ኖርማን ይባላል፤ የባንዱ ሃርሞኒካ ነፊ። አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ካፖርት በፈረቃ እየለበሱ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሸክላ አሳታሚ መጥቶ "አሳትማችኋለሁ፤ ግን ይሄ ድራመራችሁ ይዘገያል፤ ለሸክላው ሌላ መቺ እኔ አመጣለሁ" አላቸው። ኖርማን እሺ አለ። ቴሪ ብሩሾቹን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሸክላውን የገዛው የለም። ቴሪ ከአንድ የዳንስ ባንድ ጋር ዙሪክ መጣና አግብቶ ቀረ፤ ኖርማንም ከብዙ ጊዜ በኋላ ጄኔቫ ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝቶ ከከተማዋ አጠገብ ቨርሷ ተቀመጠ። አንዱ ባቡር ቢሳፈር ለምሳ ሌላው ዘንድ በደረሰ ነበር። ሁለቱም "እሱ ይምጣ" እንዳሉ አረጁ።

ባለፈው ጊዜ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ቴሪ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ "ኖርማንን ልጥራልህ?" አልኩት።

"ሁልጊዜ ከምቱ ቀድሞ ነበር የሚገባው" አለኝ እየሳለ። "ዛሬ ገና ዘገየ።" ፈገግ አለ። ቀጠለና የኖርማንን ስልክና አድራሻ፣ የልብ ሕመሙን፣ ብቻውን መኖሩን ሳይቀር እንደ ጸሎት በቃሉ ደረደረልኝ። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ከሰው ከሰው እየጠየቀ ይከታተለው ኖሯል! ብሩሾቹንም ከትራሱ ሥር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። በማግስቱ አረፈ።

ነርሷ ደግ ልጅ ናት። "ዘመድ የላቸውም። ያን ጓደኛቸውን እርስዎ ቢደውሉላቸው ይሻላል" ብላ ስልኩን ወደኔ ገፋችልኝ።

"በስልክ?" አልኳት።

"ታዲያ በምን?"

"በእግሬ።"

የቀለድኩ መሰላት። ለኔ ግን ያ የሆቴል ጓዳ ታየኝ። አንድ ልቡን የታመመ ሽማግሌ ባዶ ቤት ውስጥ ስልክ ይዞ ሲቆም ታየኝ። መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው በባዶ ሆዱ አይነገረውም፤ መጀመሪያ እህል ይቀምሳል። ብቻውንም አይነገረውም፤ የሚይዙት፣ አብረውት የሚያለቅሱለት ይሰበሰባሉ። ኖርማን ግን ማን አለው?

ጄኔቫ ላለችው ለእህት ሰናይት ደወልኩ፤ እዚያ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሐዘንም ሠርግም የምታስተባብር ሴት ናት።

"ሟቹ ማነው?" አለችኝ።

"እንግሊዛዊ ነው።"

"ሐዘንተኛውስ?"

"እሱም እንግሊዛዊ።"

"እኛን ያውቀናል?"

"የለም።"

"ምስር እሠራለሁ። ዳቦውን እነ ትርሲት ይዘው ይምጡ። ስንት ሰዓት ነው?"

"ጠዋት አራት ሰዓት ቤቱ ድረሱ። እናንተ ሳትመጡ አልነግረውም።"

"እንደርሳለን።"

"ሰናይት፣ የሀበሻ ቀጠሮ እንዳይሆን።"

"ኧረ ጋሼ፣ እኛ እኮ ስዊዘርላንድ ነው የምንኖረው!"

ጥቁር ኮቴን ሳወጣ ጥሩነሽ ቀማችኝ። "ገና ከበር ታስደነግጠዋለህ" ብላ ልጃችን የገዛችልኝን ሰማያዊ ሹራብ አለበሰችኝ። ለማታውቀው ለኖርማን ልብ ጸልያ ሸኘችኝ። ብሩሾቹን በሹራቡ ሥር ደረቴ ላይ ይዤ በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ።

ኖርማን አጭር፣ ክብ፣ ጉንጩ የቀላ ሰው ነው። በሩን ከፍቶ አየኝ።

"ከረገንስዶርፍ ነው የመጣሁት፤ የቴሪ ጎረቤት ነኝ" አልኩት።

"ቴሪ ላከህ?"

"ከሱ ዘንድ ነው የመጣሁት።" ይህ ውሸት አይደለም። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ፊቱ በራ። በራ ስላችሁ፣ ሽማግሌው እንደ ልጅ ሆነ። "ያ ግትር! ያ ግትር ሰው!" እያለ እጄን ይዞ አስገባኝ። ሐዘን ይዤለት የመጣሁት ሰው፣ ዕርቅ ያመጣሁለት መስሎት ሻይ ይጥድልኛል።

"ቁርስ በልተዋል?" አልኩት። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ እርስዎ ነበር የምለው።

"ኧረ ገና ነኝ።"

"እንግዲያ ይብሉ።"

"አንተ ነህ እንግዳው!"

"አብረን እንብላ። ግን እርስዎ ይብሉ።"

ሳቀብኝ። እንቁላል ጠበሰ። ትንሽ ቀምሶ ሹካውን ሲያስቀምጥ "ይጨምሩ" አልኩት፤ ደግሞ ሲያስቀምጥ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" አልኩት። በሞቴን በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልኩት እግዜር ይወቅ። በላልኝ። የግድግዳው ሰዓት አራትን አለፈ፤ እነ ሰናይት የሉም። ጊዜ እንዲሄድ "እስቲ ስለ ቴሪ ያጫውቱኝ" አልኩት።

"አንድ ሽማግሌ ጥቁር ዘፋኝ ከአሜሪካ መጣ" አለ ሻዩን እያማሰለ። "እኛ በሸክላ ብቻ የምናውቀው ሰው! የሚያጅበው ባንድ አልነበረውምና እኛን ሰጡት። ልምምድ ላይ እኛ ልናሳየው እንጋልባለን። አቋረጠን። 'ልጆች' አለን፣ 'ማን ነው የሚያሳድዳችሁ? ይሄ ዘፈን ሰው መሞቱን የሚናገር ዘፈን ነው። ሰዎቹ ሳይቀመጡ ለምን ትነግሯቸዋላችሁ? መጀመሪያ ይቀመጡ።' ለኛ አልገባንም፤ ሳቅን። የገባው ቴሪ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምቱ ትንሽ ወደኋላ ብሎ ይመታ ጀመር፤ ሰው እስኪቀመጥ እንደሚጠብቅ። እኔ ነኝ ያንን 'ዘገየ' ሲሉት እሺ ያልኩት።"

መታጠቢያ ቤት እንደሚሄድ ሰው ተነሥቼ፣ በሩን ዘግቼ ደወልኩ።

"የት ናችሁ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ባቡሩ አመለጠን! ሦስት ድስት ተሸክመን እንዴት እንሩጥ?" ትላለች ሰናይት። "የሚቀጥለውን ይዘናል፣ መጣን፣ መጣን!"

ስወጣ ኖርማን ካፖርቱን ለብሶ፣ ሃርሞኒካውን የደረት ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

"እንሂድ" አለኝ።

"ወዴት?"

"ዙሪክ ነዋ። እሱ አንተን ልኳል፤ መንገዱን መሄድ አሁን የኔ ተራ ነው። ዓይኑን እያየሁ ይቅርታ እለዋለሁ።"

ምን ልበላችሁ? አሁን ብናገር ብቻችንን ነን። ባልናገር ሰውየው ወደ ሌለ ሰው ሊጓዝ ነው። "ጉልበቴን ያመኛል፤ ቀስ እንበል" አልኩት። እሱም ክንዴን ያዘኝና ቀስ እያልን ወደ ጣቢያው ወረድን። የጄኔቫ ሐይቅ ከቤቶቹ መሀል ብቅ ጥልቅ ይላል። በየመንገዱ እቆማለሁ። አንዴ የጫማ ክሬን ፈታሁና መልሼ አሰርኩ። እሱ አልቸኮለም። የቴሪን ቀልድ፣ የዚያን የጋራ ካፖርት ነገር፣ መንገድ ላይ ውኃው ፈልቶ የቆመባቸውን አሮጌ መኪናቸውን ያወራልኛል፤ እየሳቀ።

ጣቢያ ደረስን። ወደ ጄኔቫ የሚሄደው፣ ከዙሪኩ የሚያገናኘን ባቡር መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። እኔ አልገባሁም። "ኖርማን…" አልኩ።

ኖርማን ወደ ባቡሩ አልሄደም። አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ሄደ። ቀና ብሎ አየኝ።

"እሺ። ተቀምጫለሁ። ንገረኝ።"

አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ያዝኩ። "ቴሪ አርፏል፣ ወንድሜ" አልኩት፤ እርስዎ ማለቱም ከልቤ ወጣ። "በሰላም ነው ያረፈው። የመጨረሻ ያነሳው ስም ያንተ ነው።"

አዎ እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ።

"አውቀህ ነበር?" አልኩት።

"ይህን ያህል ዘመን ስኖር፣ በገዛ ቤቴ ብላ ብሎ የለመነኝ እንግዳ የለም። ሁለተኛውን ጉርሻ ስትለምነኝ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን እዚህ ድረስ መጣህ?"

"ከቤት እስከዚህ" አለኝ፣ አሁን እንባው እየወረደ፣ "ልታረቀው እየሄድኩ ነበር። ይህን መንገድ መሄድ ነበረብኝ። ቀስ ብለህ ስለወሰድከኝ አመሰግንሃለሁ።"

ይህን ሲል በወዲያኛው በኩል ከጄኔቫ የሚመጣው ባቡር ቆመ። ሰናይት በነጠላዋ፣ ከኋላዋ እነ ትርሲት ድስት በፎጣ ጠቅልለው፣ ዳቦ ታቅፈው ወረዱ። መተላለፊያውን አቋርጠው ወደኛ መጡ። ሰናይት አንድም ቃል ሳትጠይቅ ፊታችንን አይታ ድስቷን መሬት አስቀመጠች፤ ኖርማንን አቅፋ "ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ!" ብላ አለቀሰች። ጴንጤ ብትሆንም ልቅሶ ታውቅበታለች። ባቡር የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አለኝ ኖርማን ከነጠላዋ ውስጥ።

"ልቅሶ ደራሾች ናቸው።"

"ቴሪን ያውቁታል?"

"አያውቁትም።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

"ብቻህን እንዳትሰማው።"

ያኔ ነው የሆነው። ይህን ቃል ከራሴ አፍ ስሰማው፣ አንድ ነገር ከሆዴ ተነሥቶ መጣ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን ነፈረቅሁ። ሰናይት ደነገጠች።

"ጋሼ፣ ለቴሪ ነው?"

"ለታደሰ ነው። ለወንድሜ።"

"እኔን! መቼ አረፈ?"

"ድሮ። ልጅ ሳለሁ፣ ሳህን ሳጥብ።"

"ልቅሶ አልተቀመጥክም?"

"ማን ነበረኝ?"

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሴቶቹ ዞረች። "በሉ ድስቱን አንሱ። ዛሬ የምንቀመጠው ለሁለት ነው።"

በኖርማን ቤት ተቀመጥን። ወንበሩ አልበቃም፤ ትርሲት የማብሰያ ቤቱ በርጩማ ላይ፣ ሌላዋ የመጻሕፍት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ሰናይት ስለ ታደሰ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳቸው፤ ፈረስ እንዴት እንደሚገራ፣ ሲስቅ እንዴት አፉን በእጁ እንደሚሸፍን። ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩት ነው። ኖርማን ስለ ቴሪ ነገራቸው፤ እኔ እንደምችለው አስተረጎምኩ። ምስሩን በማንኪያ በላ፤ ሰናይት ማንኪያውን ወስዳ አጎረሰችው። "ደግሞ አሁን የማንን መርዶ ልትነግሩኝ ነው?" አላት። ሐዘን ቤት ውስጥ እንዲያ ተስቆ አያውቅም።

ብሩሾቹን ከደረቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸው። ኖርማን ሽቦዎቹን በጣቱ ደባበሳቸው። ከዚያ ሃርሞኒካውን አወጣ። ሰናይት ወደኔ አየች፤ እኔም አየኋት፤ ወንበሯን አስጠግታ አዳመጠች። ቀስ ብሎ፣ እጅግ ቀስ ብሎ ነፋ። በየሐረጉ መሀል ይቆማል፤ አንድ ሰው ገና እየገባ፣ መቀመጫ እየፈለገ እንዳለ። ሲጨርስ "አሁን ገና ገባኝ" አለ። "ይቅርታ፣ ቴሪ። አሁን ገና ነው የገባኝ።"

ለቀብሩ ረገንስዶርፍ መጣ። ጥሩነሽ የልጃችንን ክፍል ለቀቀችለት፤ እስኪጠግብም አበላችው። ሲሄድ አንዱን ብሩሽ ወሰደ፣ አንዱን ለኔ ተወ። አሁን ብዙ ጊዜ ይደውላል። ስልክ ለወግማ ምን ክፋት አለው? ባሕር የሚያሻግር በረከት ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በሰው አገር ያላችሁ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሞት ወሬ ሲደርሳችሁ ጣታችሁ ወደ ስልኩ ይሮጣል፤ አውቃለሁ። ቆይ በሉት። ባቡር ያዙ። አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ባይተዋወቁም ግድ የለም። ሐዘንተኛውን አብሉት፣ ይቀመጥ፣ ከዚያ ንገሩት። መንገዱ ለሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ለኖርማን ያደረግሁ መስሎኝ ሄጄ ወንድሜን አልቅሼ ተመለስኩ። ስለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ፤ ድስታቸውን ተሸክመው የመጡትን ሴቶች አመሰግናለሁ፤ አርፍደው በመምጣታቸውም ጭምር፣ በሰዓቱ ቢደርሱ ኖሮ ኖርማን ያን መንገድ ባልሄደ ነበር። ቴሪንም አመሰግናለሁ።

በተራዬ ቀን ልብሱን ይዤ ወደ ዋሽኩሄ እወርዳለሁ፤ ያቺንም ብሩሽ። የሳሙናውን ካርቶን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። ጥሩነሽ በመስኮት እንደምታየኝ አውቃለሁ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ይቸኩላል። እኔ አልከተለውም።